የሪዩ ሃዶከን በስትሪት ፋይተር 6፦ የትኛው፣ መቼ፣ ከምን ርቀት

ሁለት ተዋጊዎች ፊት ለፊት በሚጋጠሙበት የቪዲዮ ጨዋታ በስትሪት ፋይተር 6 ሪዩ የተባለውን ተዋጊ የመረጠ ተጫዋች አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚማረው ሃዶከን መወርወርን ነው፤ የትኛውን ሃዶከን መወርወር እንዳለበት ግን ለብዙ ወራት ሳያስብበት ይቆያል። ከሪዩ መዳፎች የሚወጣው የኃይል ኳስ በስሙ አንድ ይሁን እንጂ፣ በቀላል ቡጢ የሚወጣው ዝግተኛ፣ በከባድ ቡጢ የሚወጣው ፈጣን፣ ከድራይቭ መለኪያው (የማጥቂያና የመከላከያ ስልቶች ከሚከፈሉበት ባለ ስድስት ክፍል መለኪያ) የሚከፈልበት ኦቨርድራይቭ፣ በመብረቅ የተሞላው ዴንጂን እና ከሱፐር መለኪያው (ለታላላቆቹ ምቶች ከሚጠራቀመው) የሚለቀቀው ሺንኩ ሃዶከን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥራ አላቸው። እዚህ የምናወዳድራቸው በሁለት ጥያቄዎች ነው፦ ተጋጣሚውን ምን እንዲያደርግ ያስገድዱታል? ሪዩስ ከወረወረ በኋላ ምን ለማድረግ ጊዜ ያገኛል? የጉዳታቸውን መጠን ማንም ሰው በልምምድ ክፍሉ በአምስት ደቂቃ አይቶ ሊጨርሰው ስለሚችል በእሱ ላይ አንቆይም።

ሃዶከን እ.ኤ.አ. በ1987 ከወጣው ከመጀመሪያው ስትሪት ፋይተር ጀምሮ ያለ ስልት ሲሆን፣ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ግን በ1991 በወጣው ስትሪት ፋይተር 2 ነው። በዚያን ዘመን የወርዋሪው ዋና ሥጋት ተጋጣሚው ኳሱን ዘልሎ በላዩ ላይ ማረፉ ነበር፤ ጥበቡም ሰውዬውን በኳስ አስጨንቆ ማስዘለልና ከአየር ሲወርድ ሾርዩከን በሚባለው ወደ ላይ በሚነሳ ቡጢ መቀበል ነበር። የጨዋታው አምራች ካፕኮም እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ያወጣው ስድስተኛው ጨዋታ ይህን ሒሳብ ባያፈርሰውም የድራይቭ ሥርዓትን ስላከለበት፣ ከቀድሞዎቹ ጨዋታዎች ይዞት የመጣውን ልማድ ሳያስተካክል የሚወረውር ሰው ብዙ ጊዜ ይቀጣል።

ማንኛውም ሃዶከን የሚያስከፍለው

ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ተከታታይ ምስል፣ ይሄዳል። ሪዩ ለመወርወር መንቀሳቀስ ከጀመረበት ቅጽበት አንስቶ ዳግም ለመከላከልም ሆነ ለመምታት ነጻ እስኪሆን ድረስ ከ40 ፍሬም በላይ ያልፋል፤ ይህም ከአንድ ሰከንድ ቢያንስም በዚህ ጨዋታ ውስጥ ረጅም ጊዜ ነው። የአብዛኞቹ ገጸ ባሕርያት ዝላይ በአየር ላይ የሚቆየው ለ38 ፍሬም ያህል በመሆኑ፣ ሪዩ እጁን ሲያንቀሳቅስ በዚያው ቅጽበት የዘለለ ተጋጣሚ ሪዩ ሳይመለስ ደርሶ ይመታዋል። ኳሱን ካየ በኋላ የዘለለ ግን ዘግይቷል፤ ሲወርድ ሪዩ ቆሞ ይጠብቀዋል። እንግዲህ በዝላይ ደጋግሞ የሚመታ ወርዋሪ ሊመረምረው የሚገባው የጣቱን ፍጥነት ሳይሆን አወራወሩ ምን ያህል የሚገመት እንደሆነ ነው፤ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ምት በኋላ፣ ሁልጊዜ በአንድ ዜማ የሚወረውር ሰው ለተጋጣሚው ሰዓቱን አስቀድሞ ነግሮታል።

ሁለተኛው ሥጋት ድራይቭ ኢምፓክት ነው። ይህ ምት ለመውጣት 26 ፍሬም የሚፈጅ ቢሆንም በመንገዱ ላይ እስከ ሁለት ምት ድረስ ይቋቋማል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመታውን ተራ ሃዶከን ሰንጥቆ አልፎ ገና ያልተመለሰውን ሪዩ ያገኘዋል። ከሩቅ ሲሆን ስለማይደርስ አያስፈራም። ከቅርብና ከመካከለኛ ርቀት፣ በተለይም ሪዩ ጀርባው ወደ ጥግ በተጠጋበት ጊዜ፣ አንድ ያልታሰበበት ሃዶከን ሙሉ ኮምቦ፣ ማለትም ተያይዞ የሚወርድ የምት ሰንሰለት፣ ያስከፍላል።

ሦስተኛው ድራይቭ ፓሪ፣ ማለትም ቁልፍ ይዞ ምትን መቀበል፣ ነው። ተጋጣሚው ኳሱን በተራ መንገድ ቢከላከለው ከስድስቱ የድራይቭ ክፍሎቹ ጥቂት ይቀነስበታል፤ በፓሪ ቢቀበለው ግን ጭራሽ ይጨመርለታል። ቁልፉን ይዞ በሚጠብቅ ሰው ላይ ከሩቅ ሆኖ ሃዶከን መደርደር ማለት መለኪያውን እየሞሉለት መሄድ ማለት ነው። ለዚህ ያለው መልስ ከታች በዝግተኛው ሃዶከን ክፍል ይመጣል።

ከእነዚህ ሁሉ ጋር አንድ የቆየ ሕግ አለ፦ ሪዩ የወረወረው ኳስ ከስክሪኑ ሳይጠፋ ወይም ከአንድ ነገር ሳይጋጭ ሌላ መወርወር አይችልም። ይህ ሕግ ዝግተኛውንና ፈጣኑን ለማወዳደር ቁልፉ ነው።

ዝግተኛው ወይስ ፈጣኑ

በጨዋታው ቁጥሮች መሠረት በቀላል ቡጢ የሚወጣው ሃዶከን በ16 ፍሬም፣ በመካከለኛ ቡጢ የሚወጣው በ14፣ በከባድ ቡጢ የሚወጣው በ12 ፍሬም ይነሳል። ካፕኮም በየጊዜው ማስተካከያ ስለሚያደርግ እነዚህን ቁጥሮች በልምምድ ክፍሉ የፍሬም ማሳያ ላይ ማረጋገጥ ይገባል። አንድ ጀማሪ ይህን ሲያይ ፈጣኑ በሁሉም ረገድ የተሻለ ነው ብሎ ቢደመድም አያስደንቅም፤ ቶሎ ይወጣል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ስለዚህ ሌላው ለምን ያስፈልጋል? እኔም ለብዙ ጊዜ በዚህ አስተሳሰብ ከባድ ቡጢን ብቻ ስጫን ቆይቻለሁ። ያስተካከለኝ ከእኔ የማይሻል የሚመስለኝ ተጫዋች ነው፤ በቀላል ቡጢ የተወረወረ ኳሱን ከኋላ እየተከተለ መጥቶ በተደጋጋሚ ሲጥለኝ፣ ኳሱ የመታኝ አንድም ጊዜ ሳይኖር ጨዋታው አልቆ ነበር።

የዝግተኛው ሃዶከን ኃይል ያለው በመንገድ ላይ በሚቆይበት ጊዜ ነው። ኳሱ ከስክሪኑ አንድ ጫፍ ተነስቶ ወደ ሌላው ሲጓዝ ሪዩ ቀድሞ ስለሚመለስ፣ ከኳሱ ኋላ በእግሩ ይራመዳል፤ በዚያን ጊዜ ተጋጣሚው የሚገጥመው አንድ ኳስ ሳይሆን ኳስና ሰው ነው። ቢዘልል ሪዩ ነጻ ስለሆነ ቁጭ ብሎ በከባድ ቡጢ ወይም በሾርዩከን ይመልሰዋል። ቆሞ ቢከላከል ድራይቩ ይቀነሳል፣ ሪዩም ያለ ምንም ወጪ ጥሩ ርቀት ላይ ይደርሳል። ፓሪ ቢይዝ ደግሞ ሪዩ አጠገቡ ደርሶ በመያዝ ይጥለዋል፤ በዚህ ጨዋታ ፓሪ ላይ ያለ ሰው ሲያዝ ጥሉ እንደ ቅጣት ምት ተቆጥሮ ጉዳቱ ስለሚጨምር፣ ፓሪን የሚወድ ተጋጣሚ ይህን ሁለት ጊዜ ከቀመሰ በኋላ እጁን ከቁልፉ ላይ ማንሳት ይጀምራል።

ዋጋው ግን አለ። ዝግተኛው ኳስ በስክሪኑ ላይ እስካለ ድረስ ሪዩ ሁለተኛ መወርወር አይችልም፤ ከሩቅ ሆኖ ባለበት ቀጥ ብሎ እየዘለለ ኳሱን የሚያሳልፍ ተጋጣሚ ሪዩን ለጥቂት ጊዜ ያለ መሣሪያ ያስቀረዋል። ኳሱን ከወረወሩ በኋላ ቆሞ የሚመለከት ሰው በዝግተኛው ምንም አያተርፍም። ስለዚህ አንድ ቀላል መለያ አለ፦ ከወረወሩ በኋላ ወደፊት ለመሄድ ካሰቡ ቀላሉን ቡጢ፣ ባሉበት ለመቆየት ካሰቡ ከባዱን ቡጢ ይምረጡ።

ፈጣኑ በትክክል የሚጠቅመው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ከሩቅ በሚደረግ የኳስ ልውውጥ ውስጥ ቶሎ ከስክሪኑ ስለሚወጣ ቀጣዩን ቶሎ ለመወርወር ይፈቅዳል። ሁለተኛ፣ ተጋጣሚው ከሩቅ ሆኖ አንድ ረጅም እንቅስቃሴ ሲጀምር፣ ለምሳሌ ራሱን የሚያጎለብት ስልት ሲሞክር፣ ሳይጨርስ ሊደርስበት የሚችለው ይህ ነው። ሦስተኛ፣ ከመካከለኛ ርግጫ ጋር በማያያዝ ነው፤ ሪዩ ቁጭ ብሎ የሚሰነዝረው መካከለኛ ርግጫ ሲነካ ወዲያው ወደ ሃዶከን መቀየር ከስትሪት ፋይተር 2 ዘመን ጀምሮ የሪዩ መታወቂያ ሆኖ ቆይቷል፣ ለዚህ ሥራ ደግሞ መነሻው አጭር የሆነው ይመረጣል።

በዚህ በሦስተኛው ላይ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ርግጫውን የተከላከለ ተጋጣሚ ሃዶከን እንደሚከተል ካወቀ፣ በመካከሉ ድራይቭ ኢምፓክት ከፍቶ ኳሱን ይሰነጥቀዋል። ጥሩ ተጋጣሚ ይህን በሁለተኛው ዙር ይጀምራል። መድኃኒቱ ሁልጊዜ አለመወርወር ነው፦ አንዳንዴ ርግጫውን ብቻ ሰንዝሮ ማቆም፣ ተጋጣሚው በባዶ ሜዳ ኢምፓክት ሲከፍት በራስ ኢምፓክት መመለስ። ርግጫው ላይ ጨርሶ ያቆመ ሪዩ የኢምፓክቱን ብልጭታ አይቶ ለመመለስ በቂ ጊዜ አለው፤ ሃዶከን ላይ ያለ ሪዩ ግን የለውም።

ስለ መካከለኛው ቡጢ ብዙ የሚባል የለም። የሁለቱ አማካይ እንደመሆኑ ዋና ጥቅሙ የተጋጣሚውን ግምት ማዛባት ነው፤ በትክክለኛው ቅጽበት የሚደረገው ፍጹም ፓሪ የሚሳካው የኳሱ መድረሻ ጊዜ ሲታወቅ ስለሆነ፣ ሦስት የተለያየ ፍጥነት የሚያይ ሰው ይቸገራል። ሁለቱን ጠርዞች በደንብ ከለዩ በኋላ ይመለሱበት።

ዝግተኛውን ሃዶከን የሚመለከት አንድ የላቀ ስልት ይቀራል። ተጋጣሚው ወድቆ ሲነሳ፣ ኳሱ እሱ በሚነሳበት ቅጽበት ከሰውነቱ ጋር እንዲገናኝ ቀድሞ መወርወር ይቻላል። በትክክል የተለካ እንደሆነ ተጋጣሚው ለመዝለል ጊዜ አያገኝም፤ ያለው ምርጫ መከላከል፣ ፓሪ ወይም ከፍ ያለ ዋጋ ያለው መልስ ብቻ ነው። ቅርበቱ ወሳኝ ነው፤ ተጋጣሚው በጣም አጠገብ ከሆነ ኳሱን በኢምፓክት ወይም በማይነካ ስልት አልፎ ሪዩን ያገኘዋል፣ ከራቀ ደግሞ ተነስቶ ለማሰብ ጊዜ ይተርፈዋል። በእኔ ግምት ከግማሽ ስክሪን ትንሽ ያለፈ ርቀት ይሻላል።

ሁለት የድራይቭ ክፍል ወይስ አንድ

ሁለት የቡጢ ቁልፎችን አብሮ በመጫን የሚወጣው ኦቨርድራይቭ ሃዶከን ከስድስቱ የድራይቭ ክፍሎች ሁለቱን ይወስዳል። ሁለት ጊዜ ይመታል፣ ፈጣን ነው፣ ከነካም ይጥላል። በኳስ ልውውጥ ውስጥ የተጋጣሚውን ተራ ኳስ በመጀመሪያው ምት አጥፍቶ በሁለተኛው ስለሚያልፍ፣ ሶኒክ ቡም የሚባለውን ኳሱን እየወረወረ በተዝናና ጋይል በተባለ ተጋጣሚ ላይ ያልታሰበ ነገር ያመጣል።

ይሁን እንጂ ሁለት ክፍል የመለኪያው ሲሶ ነው። በዚያው ገንዘብ ምን ሊገዛ ይችል እንደነበር ማነጻጸር ይገባል። ዝግተኛ ሃዶከን ወርውሮ፣ እንደተመለሱ ፓሪ ጀምሮ ወደ ድራይቭ ረሽ፣ ማለትም ወደ ፈጣን የፊት ሩጫ፣ መግባት አንድ ክፍል ያህል ብቻ ያስከፍላል፤ በዚህም ሪዩ ከኳሱ ጋር እኩል ማለት ይቻላል ተጋጣሚው ዘንድ ይደርሳል። ተጋጣሚው ኳሱን ሲከላከል እግሩ ስለታሰረ፣ ሪዩ ለመምታትም ለመያዝም ቅድሚያውን ወስዷል። ኦቨርድራይቩ አንድ የተሳካ ምት ሲሰጥ፣ ይህኛው አንድ ሙሉ የጥቃት ተራ ይሰጣል። ስለዚህ ገና በጨዋታው መጀመሪያ ላይ፣ የሁለቱም ተጫዋቾች የድራይቭ መለኪያ ሙሉ ሳለ፣ የእኔ ምርጫ ያለ ጥርጥር አንዱ ክፍል ነው። ኦቨርድራይቩን የማስቀምጠው ለሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦ ተጋጣሚው ኳስ እንደሚወረውር እርግጠኛ በሆንኩበት ሰዓትና ትንሽ ሕይወት ቀርቶት ማንኛውም ንክኪ ዙሩን በሚጨርስበት ሰዓት።

ሚዛኑን የሚገለብጥ አንድ ሁኔታ አለ፤ እሱም የተጋጣሚው ድራይቭ ተሟጥጦ በርንአውት ውስጥ የገባ እንደሆነ ነው። በዚያን ጊዜ ፓሪ የለውም፣ ኢምፓክት የለውም፣ ኦቨርድራይቭ የለውም፤ ልዩ ስልቶችን ሲከላከልም ሕይወቱ በትንሽ በትንሹ ይሸረፋል። ከላይ ከዘረዘርናቸው የወርዋሪው ሥጋቶች ውስጥ የሚቀረው ዝላይ ብቻ ስለሆነ፣ ያለ ወጪ የሚወረወር ተራ ሃዶከን በዚህ ወቅት ከኦቨርድራይቩ ይበልጣል። ብዙ ሰው ግን ተጋጣሚው በርንአውት ሲገባ ተቻኩሎ እየሮጠ ይገባና በሱፐር ይመታል። ራቅ ብሎ እያስዘለሉ መጠበቅ ተመልካች ባያስደስትም ያዋጣል።

ዴንጂን፦ ማጠራቀም ወይስ መግፋት

ሪዩ ታች፣ ታች ብሎ ቡጢ ሲጫን መብረቅን በሰውነቱ ላይ ይሞላል። የተሞላው ኃይል እስኪጠቀምበት ድረስ አብሮት ይቆያል፣ በአንድ ጊዜም ከአንድ በላይ አይጠራቀምም። ዴንጂን የሚለው ስም እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣው ስትሪት ፋይተር 3 የመጣ ነው፤ በዚያ ተከታታይ ዴንጂን ሃዶከን ራሱን የቻለ ሱፐር ነበር። በስድስተኛው ጨዋታ ግን የሌሎች ስልቶች ማጎልበቻ ሆኗል፦ ተራው ሃዶከን ሁለት ጊዜ የሚመታ ይሆናል፣ ሃሾጌኪ የሚባለው የመዳፍ ምት ይጠነክራል፣ ሺንኩ ሃዶከንም ይከብዳል።

እዚህ ላይ ያለው ውድድር ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው፣ ተጋጣሚውን ከጣሉ በኋላ መብረቁን ልሙላ ወይስ ሮጬ ገብቼ ጫና ልፍጠር የሚለው ነው። ሁለቱን አብሮ ማድረግ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ለመሙላት የሚወስደው ጊዜ ተጋጣሚው ከሚነሳበት ጊዜ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ጫናውን ሸጦ መብረቁን መግዛት ማለት ነው። ተጋጣሚው በጥጉ አጠገብ ከወደቀ ጫናውን መሸጥ ሞኝነት ይመስለኛል። በሜዳው መሐል ራቅ ብሎ ከወደቀና ሪዩ ሮጦ ቢደርስም ብዙ የማያተርፍ ከሆነ ግን መሙላት ይበጃል።

ሁለተኛው ደረጃ፣ የተሞላውን መብረቅ በምን ላይ ላውለው የሚለው ነው፤ መልሱም በተጋጣሚው ማንነት ይወሰናል። ጋይልን ወይም አኩማን የመሰለ ራሱ ወርዋሪ የሆነ ተጋጣሚ ሲገጥም ሃዶከን ላይ ማዋል ይሻላል፤ ምክንያቱም ሁለት ክፍል ድራይቭ ሳይከፍሉ የተጋጣሚውን ኳስ ሰንጥቆ የሚያልፍ ኳስ ማግኘት ነው። ከዚህም በላይ መብረቁ በሪዩ ሰውነት ላይ ሲታይ ብቻ ጋይል የሚወረውርበትን ድግግሞሽ ይቀንሳል፤ ይህ ሳይወረወር የሚሠራ ሃዶከን ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ወደ ጨዋታው የተጨመረው አኩማ ግን ከአየር ላይ ወደ ታች መወርወር ስለሚችል ሁልጊዜ አያዋጣም፤ የሕይወቱ መጠን 9000 ሆኖ ከሪዩ 10000 ያነሰ መሆኑ ቢያጽናናም፣ በመሬት ላይ የሚሄድ ኳስ ለሚዘልል ሰው መተላለፊያ ይሆናል። ጄፒ የተባለው ተዋጊ የሚያወጣቸው እሾኾችም ከሪዩ እግር ሥር ስለሚነሱ ኳስን በኳስ የመግጠም ሐሳብ እዚያ አይሠራም፤ እሱን ጠጋ ማለት ይሻላል።

ዛንጊፍን ወይም ማሪሳን የመሰሉ ከቅርብ የሚዋጉ ተጋጣሚዎች ሲሆኑ ደግሞ መብረቁን ለሃሾጌኪ ማስቀመጥ ይመረጣል። እነዚህ ተጋጣሚዎች የሚፈልጉት አጠገብ መድረስ ነው፤ በመብረቅ የተሞላው የመዳፍ ምት ደግሞ ቢከላከሉትም እንኳ ቀጣዩን እርምጃ የመጀመር ዕድሉን ለሪዩ ያስቀርለታል። ሃዶከን ላይ ካዋሉት አንድ ጊዜ ገፍተው ያርቋቸዋል፣ ከዚያ ተመልሰው ይመጣሉ።

ሺንኩ ሃዶከን፦ ለመልስ ወይስ ለማጠናቀቂያ

ሺንኩ ሃዶከን በመጀመሪያ ደረጃ ሱፐርነት ከሦስቱ የሱፐር ክፍሎች አንዱን ብቻ ይወስዳል። ከወረወሩት በኋላ ተጋጣሚው ቢከላከለው ሪዩ ክፉኛ ይቀጣል፤ ስለዚህ በግምት አይወረወርም። ሁለት ጥሩ ጥቅሞች አሉት። አንዱ ተጋጣሚው ኳስ ሊወረውር እጁን ሲያነሳ አይቶ መልስ መስጠት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመታ በመሆኑ ኳሱን ጠርጎ አልፎ ወርዋሪውን ያገኘዋል። ሌላው ኮምቦን ማጠናቀቅ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይመረጥ? ለኮምቦ የሚውለው ጉዳቱ እርግጠኛ ሲሆን፣ ለመልስ የሚውለው ግን ከጉዳቱ ባሻገር የተጋጣሚውን ጠባይ ይለውጣል። አንድ ጊዜ ሶኒክ ቡም ሲጀምር በሺንኩ የተመታ ጋይል፣ ሪዩ አንድ ክፍል ሱፐር በያዘ ቁጥር ይጠነቀቃል። ስለዚህ ከወርዋሪ ጋር ሲሆን የመጀመሪያውን ክፍል ለመልስ አስቀምጦ መጫወት፣ ከቅርብ ተዋጊ ጋር ሲሆን ደግሞ ሳይሳሱ በኮምቦ መጨረስ ይሻላል። ሦስቱን ክፍል አጠራቅሞ ለሺን ሾርዩከን የማዋል ፈተና ሁልጊዜ አለ፤ ያ ግን ከተወንጫፊ ጉዳይ ውጭ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

ርቀቱም ይታሰብበት። ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ባለ ርቀት ተጋጣሚው ወርውሮ ተመልሶ ለመከላከል ሊደርስ ይችላል። ከግማሽ ስክሪን ውስጥ ግን አይደርስም።

በክላሲክ ወይስ በሞደርን አያያዝ

ተወንጫፊን በተመለከተ በሁለቱ የቁልፍ አያያዞች፣ ትእዛዙ በእጅ በሚሳልበት ክላሲክና በአቋራጭ ቁልፍ በሚወጣበት ሞደርን፣ መካከል ያለው ልዩነት ሰዎች ከሚገምቱት ይሰፋል። በሞደርን አያያዝ ሃዶከን በአንድ ቁልፍ ይወጣል፣ ሱፐሩም በሁለት ቁልፍ፤ ይህ ለመልስ ለሚሰጠው ሺንኩ ሃዶከን ትልቅ ዕድል ነው፣ ምክንያቱም ተጋጣሚው እጁን ሲያነሳ አይቶ ሁለት ጊዜ የጆይስቲክ ሩብ ክብ መሳል አያስፈልግም። ሾርዩከንም በአቋራጭ ስለሚወጣ፣ ዘሎ የሚመጣን መቀበል ይቀላል። በምትኩ በአቋራጭ የወጣ ስልት ጉዳቱ ወደ 80 ከመቶ ይወርዳል።

ለዚህ መመሪያ የሚያሳስበው ግን ጉዳቱ አይደለም። በአንድ ቁልፍ የሚወጣው ሃዶከን ፍጥነቱ ቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ዝግተኛውን ከፈጣኑ ለመምረጥ በሞደርንም ቢሆን ታች፣ ሰያፍ፣ ወደፊት ብሎ የሚፈለገውን የጥንካሬ ቁልፍ መጫን ግድ ይላል። ብዙ የሞደርን ተጫዋቾች ይህ መንገድ እንዳለ ሳያውቁ በአንድ ፍጥነት ብቻ ይወረውራሉ፤ ከላይ የተባለው የኳስና የሰው ጥምረት ሁሉ ያመልጣቸዋል። ሞደርንን ለሚመርጥ ሰው የምመክረው ሱፐሩንና ሾርዩከንን በአቋራጭ፣ ሃዶከኑን በእጅ እንዲያወጣ ነው።

በክላሲክ የሚጫወት ሰው የሚገጥመው የተለመደ ስሕተት ደግሞ ወደፊት እየተራመደ ሃዶከን ሲሞክር ሾርዩከን መውጣቱ ነው። ወደፊት፣ ታች፣ ሰያፍ የሚለው የሾርዩከን ትእዛዝ በመሆኑ፣ ከመራመድ በቀጥታ ወደ ሃዶከን የገባ እጅ ጨዋታው እንደ ሾርዩከን ያነብበዋል። ዝግተኛውን ኳስ ተከትሎ የሚራመድ ተጫዋች ይህ ያዘወትረዋል። ጆይስቲኩን ለአንድ አፍታ ወደ መሐል መልሶ ከዚያ ታች ማለት ችግሩን ያስወግደዋል፤ ለጣት ግን ጥቂት ሳምንት ይፈጃል።

በልምምድ ክፍሉ ውስጥ

የልምምድ ክፍሉ የተጋጣሚን እንቅስቃሴ ቀርጾ በዘፈቀደ መልሶ ማጫወት ይችላል፤ ተወንጫፊን ለመማር ከዚህ የተሻለ መሣሪያ የለም። በመጀመሪያው ቀረጻ ወደፊት መዝለልን፣ በሁለተኛው ፓሪ መያዝን፣ በሦስተኛው ድራይቭ ኢምፓክትን፣ በአራተኛው ዝም ብሎ መከላከልን ይቅረጹ። ከዚያ ከግማሽ ስክሪን ርቀት ዝግተኛውን ሃዶከን እየወረወሩ ተራመዱ። ዘልሎ ከመጣ በከባድ ቡጢ፣ ፓሪ ከያዘ በመጣል፣ ኢምፓክት ከከፈተ በራስ ኢምፓክት፣ ከተከላከለ በድራይቭ ረሽ ይመልሱ። መጀመሪያ አካባቢ አንዱን ብቻ ይይዛሉ። ሁለቱን አይቶ መለየት ሲጀምሩ ወደ ፈጣኑ ቀይረው ያው ልምምድ ምን ያህል እንደሚከብድ ይመልከቱ፤ ፈጣኑ ለሪዩ የሚተወው የማሰቢያ ጊዜ ስንት እንደሆነ በራስ ዓይን የሚታየው እዚያ ነው።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው ጋር በኢንተርኔት ለሚጫወት ሰው አንድ ነገር ይታሰብ። ጨዋታው የግንኙነት መዘግየትን የሚሸፍነው ሮልባክ በሚባለው ዘዴ ሲሆን፣ ርቀቱ ሲበዛ የተጋጣሚው እንቅስቃሴ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬሞች ሳይታዩ ያልፋሉ። አይቶ በሚሰጥ መልስ ላይ የተመሠረተው ሺንኩ ሃዶከን በዚህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፤ በአንጻሩ ቀድሞ ተለክቶ የሚወረወረው ዝግተኛ ኳስ መዘግየቱ ያን ያህል አይጎዳውም፣ እንዲያውም በደካማ መስመር ላይ ኳሱን ለማለፍ የሚቸገረው ተጋጣሚው ነው። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ሲጫወቱ ሱፐሩን ለኮምቦ ይጠቀሙበት፣ የሜዳውን ሥራ ደግሞ ለቀላሉ ቡጢ ይተዉት።